እጅ ያየችው ሴል

እንግዲህ ዛሬ ስለ ፊት እናውጋ። በግርግር መሃል የጓደኛችንን ፊት ከሩቅ አይተን «እሱ ነው!» ለማለት አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅብንም። ይህን የሚሠራልን የትኛው የአንጎል ክፍል ነው? ለመልሱ መንገድ ከጠረጉት አንዱ አሜሪካዊው የአንጎል ተመራማሪ ቻርልስ ግሮስ ነው (1936–2019፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩን የምናነሳው እውነት ተገኝታም ሰሚ ልታጣ እንደምትችል ስለሚያሳየን ነው።

በ1930ዎቹ ቺካጎ ውስጥ ሃይንሪሽ ክሉቨርና ፖል ቡሲ የጎን አንጎላቸው የተወገደ ጦጣዎች ዓይናቸው እያየ የሚያዩትን ነገር ምንነት መለየት እንደሚሳናቸው አስተዋሉ። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ዊዝል በሌላ የአንጎል ክፍል ያሉ ሴሎች ለመስመርና ለጠርዝ ምላሽ እንደሚሰጡ አሳዩ፤ በ1981 ኖቤል ተሸለሙበት። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪው በእንስሳቱ ዓይን ፊት የሚደቅነው በአብዛኛው መስመርና የብርሃን ነጥብ ሆነ።

ግሮስና ባልደረቦቹም በዚያው መንገድ ጀመሩ። ማደንዘዣ በተሰጠው ማካክ ጦጣ የጎን አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብተው የአንዲት ሴልን ምላሽ ያዳምጡ ጀመር። መስመር ቢያሳዩዋት ዝም። ብርሃን ቢያበሩላት ዝም። ሁሉም አልሆን ሲላቸው በስክሪኑ ፊት እጅ ቢያወዛውዙ ሴሏ ተንጫጫች! ከዚያ 12 ሰዓት ሙሉ ወረቀት በተለያየ ቅርጽ እየቆረጡ አሳዩዋት። ቅርጹ የጦጣ እጅ ጥላ በመሰለ ቁጥር ምላሿ በረታ። የመጀመሪያውን ሪፖርት በ1969 አወጡ። ለፊት ምላሽ የሚሰጡ ሴሎችም ተገኙ።

ታዲያ ዓለም አጨበጨበላቸው? የለም። ከአስር ዓመት በላይ «እውነት ነው» ብሎ ያረጋገጠም፣ «ሐሰት ነው» ብሎ የሞገተም ጽሑፍ አልወጣም። እንዲያውም አያትን ብቻ የምታውቅ ሴል አለች እንደማለት ተቆጥሮ «የአያት ሴል» የሚለው አባባል መቀለጃ ሆነ።

ግሮስ ግን አልተወውም። በ1981 እና በ1984 ከባልደረቦቹ ጋር ስለ ፊት ሴሎች በዝርዝር አሳተመ። በ1997 ናንሲ ካንዊሸርና ባልደረቦቿ በሰው አንጎል ውስጥ ለፊት የተለየ ምላሽ የሚሰጥ ቦታ አሳዩ። በ2006 ዶሪስ ጻኦና ባልደረቦቿ በማካክ አንጎል አንድ ስፍራ ላይ ለምስል ምላሽ ከሰጡት ሴሎች 97 በመቶው ለፊት የሚያደሉ ሆነው አገኙ። በ2017 ደግሞ ጻኦና አንድ ባልደረባዋ ከ200 ጥቂት ከሚበልጡ ሴሎች ምላሽ ተነስተው ጦጣው ያየውን ፊት በኮምፒውተር መልሰው ሠሩት።

የአያቷ ቀልድም እዚህ ላይ መልስ አገኘ። እያንዳንዷ ሴል የፊትን አንድ ዓይነት ልዩነት ትለካለች፤ ፊቱ የሚታወቀው ከብዙዎቹ ድምር ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» ይባል የለ?

አንድ ነገር ግን እንዳንረሳ። የዚህን እውቀት ዋጋ የከፈሉት ሳይጠየቁ የተሰለፉ ጦጣዎች ናቸው። ግኝቱን ስናደንቅ እነሱን መዝለል ነውር ይመስለናል።

ያቺ ሴል ያን ያህል ዝም ያለችው የሚያሳዩዋት ሁሉ እሷን የማይመለከት ስለነበር ነው። እኛም ዝም ያለውን ሁሉ «መልስ የለውም» ብለን ከመደምደማችን በፊት፣ እስቲ መጀመሪያ ጥያቄያችንን እንመርምር።