የዳሽቦርድ የማስጠንቀቂያ መብራቶች (በአሮጌ መኪኖች)

ስለ ሞተር፣ ፍሬንና ኤሌክትሪክ ሹፌሩን የሚያስጠነቅቁ ምልክቶች። ቁልፍ ሲከፈት ይበራሉ፤ ሞተር ሲነሳ ይጠፋሉ። ቁልፍ ሲከፈት ያልበራ መብራት አምፖሉ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፤ በአሮጌ መኪና ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ይህ ነው።

ቀዩ የዘይት መብራት የሚያመለክተው የዘይቱን ግፊት እንጂ መጠኑን አይደለም። እየተነዳ ከበራ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ግድ ነው፤ ጋራዥ ልድረስ ማለት ሞተር ያስነክሳል። የባትሪ መብራት አብዛኛውን ጊዜ የዲናሞ ብልሽት ወይም የተበጠሰ ቺንጋ ምልክት ነው፤ ቺንጋው የውሃ ፓምፑንም የሚያዞር ከሆነ ሞተሩ ይሞቃል።

ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። የእጅ ፍሬን ተለቅቆ ሳለ ቁልቁለቱ ላይ የፍሬን መብራት ብልጭ ድርግም ካለ፣ ያነሰው የፍሬን ዘይት ወደ ፊት ሸሽቶ በዕቃው ውስጥ ያለውን ተንሳፋፊ ስላወረደው ሊሆን ይችላል። ዘይት ጨምሮ ማለፍ አይበቃም፤ ሸራው አልቆ ወይም የሚያፈስ ቦታ ኖሮ ይሆናል።

ካርቡራተር ያላቸው አብዛኞቹ አሮጌ ኮሮላዎች የቼክ ኢንጂን መብራት የላቸውም። በኮምፒውተር የሚሠሩ የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብዙ ቶዮታዎች ግን ቡታጅራ ላይ የመመርመሪያ መሣሪያ ባይገኝ እንኳ በሽቦ ቁራጭ ይመረመራሉ። ኮፈኑ ሥር ባለው የመመርመሪያ ሳጥን ቲኢ1 እና ኢ1 ተገናኝተው ቁልፍ ሲከፈት መብራቱ ኮዱን በብልጭታ ይቆጥራል፦ ሁለት ጊዜ፣ ትንሽ ፋታ፣ እንደገና ሁለት ጊዜ ከሆነ ኮዱ 22 ነው፤ ችግሩም የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ወይም የሽቦው ነው።