ጨው ወደ ጨርጨር ሲወጣ

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ አጋማሽ ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ አርአያ ከተማ እንድትሆን ቆረቆሯት። በዚያው ዘመን ስዊዘርላንድ እንቅርትን ለመከላከል ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ጀምራ ነበር። ይህ ብልሃት ለጨርጨር፣ ማለት ለምዕራብ ሐረርጌ ደጋ፣ እስኪደርስ ግን ብዙ አሥርት ዓመታት አለፉ።

እንቅርት በብዛት የተራራ ሰው ሕመም ነው። ዝናብ ዳገቱን ለዘመናት ሲያጥበው አዮዲኑን ይዞት ይወርዳል፤ በዚያ አፈር የበቀለ ማሽላና በቆሎም አዮዲን ያንሰዋል። የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነውና ሲያጣ ያብጣል። ከእብጠቱ የሚከፋው በእናት ማሕፀን ያለ ልጅ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው፤ አእምሮውም መስማቱም ሊጎዳ ይችላል። ይህ ርግማን አይደለም፤ የዘር ነውርም አይደለም።

አፈሩ ያጣውን አዮዲን የሚያሟላው ጨው ነውና ታሪኩ የጨው ታሪክ ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ጨው እየጫነ በሚኤሶ በኩል ሲያልፍ ቆይቷል። በኋላ አገሪቱ አዮዲን የገባበትን ጨው በብዛት የምታገኘው ከኤርትራ ሆነ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋ፤ በምትኩ የአፋሩ አፍዴራ ጨው ያለ አዮዲን ገበያውን ሞላው።

ውጤቱ በ1997ቱ አገር አቀፍ ጥናት ታየ፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉት ልጆች 40 በመቶ ያህሉ እንቅርት ነበረባቸው፣ አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀመው ቤተሰብ ደግሞ 5 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። በ2003 ዓ.ም. ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በ2008 ዓ.ም. አዮዲን ያለው ጨው ከ10 ቤት በ9ኙ ገደማ ተገኘ፤ መጠኑ በቂ የሆነው ግን ከዚህ በእጅጉ ያንስ ነበር።

ጨው የማይፈታው ሌላ ችግርም አለ። በዓለም ላይ ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ በቂ የታይሮይድ ሆርሞን ሳይኖረው ይወለዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደርሰውበት የሆርሞን ክኒን ካስጀመሩት እንደ እኩዮቹ ያድጋል። በጭሮ፣ በገለምሶ ወይም በሂርና ያላችሁ ወላጆች፦ ሕፃኑ ከተወለደ ጀምሮ እንቅልፍ ካበዛ፣ መጥባት ካስቸገረው፣ ቢጫነቱ አልለቅ ካለው፣ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ታይሮይዱ እንዲታይም ጠይቁ። ጨዋችሁንም በተከደነ ዕቃ አኑሩ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።