ከአይስላንድ እስከ አሉቶ፦ የእንፋሎት ምርምርና የተማሪዎች ልውውጥ



የዶክትሬት ተማሪዎችን ዓለም አቀፍ ልውውጥ በተጓዦች ብዛት ብቻ መለካት ታሪኩን ያሳንሰዋል እላለሁ። ለዚህም ጂኦተርማል የምንለውን የከርሰ ምድር እንፋሎት ምስክር አድርጌ አቀርባለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ በ1979 በአይስላንድ የስድስት ወር ሥልጠና ጀመረ፤ በ2000 የማስተርስ፣ በ2008 የዶክትሬት ትምህርት ታከለበት። ከኢትዮጵያና ከኬንያ የሄዱት ብዙውን ጊዜ የገዛ አገራቸውን ጉድጓድ መረጃ ይዘው ሄደው በዚያ መረመሩት። እንግዲህ አይስላንድን ሰጪ፣ እኛን ተቀባይ ብቻ ማድረግ አይገባም፤ ስምጥ ሸለቆውም አስተማሪ ነበር።

በአሉቶ ላንጋኖ በ1980ዎቹ ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ በ1998 7.3 ሜጋዋት ገደማ የሚያመነጭ ጣቢያ ተተከለ፤ ግን በብልሽት ለዓመታት ቆመ። ኬንያ በ1981 የጀመረችውን ኦልካሪያን ደረጃ በደረጃ አስፋፋች። ልዩነቱን በተማሪዎቹ ችሎታ አላየውም። የተማረ ሰው የሚመለስበት የሚሠራ ጉድጓድ፣ ቤተ ሙከራና መለዋወጫ ይሻል። እነዚህ በሌሉበት ልውውጡ በግማሽ ይቀራል፤ ዕውቀቱም ከባለቤቱ ጋር ይሰደዳል። ስለዚህ የውጭ ዕድል የምናፈላልገውን ያህል፣ የባዕድ አገር ተማሪ ጭምር ሊማርበት የሚመጣበትን አሉቶ እናደራጅ።