ቴሲስ፣ ጉማ እና የሼኹ ኪታብ

‹‹ቴሲስህን ከፍለህ አሠራ›› የሚል ምክር በዩኒቨርሲቲ ከተሞቻችን ይሰማል። ታሪካችን እንዴት እንደተጻፈ ለሚያውቅ የመቱ ወይም የጎሬ ተማሪ ግን ምክሩ አይዋጥለትም።

መሐመድ ሐሰን እ.ኤ.አ. በ1983 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የጊቤ ኦሮሞ መንግሥታትን ይመለከታል። ከአምስቱ አንዷ ጉማ ናት። ግዛቷም ኋላ ኢሉባቦር ዞን ውስጥ የቆዩትን የጌቺንና የቦረቻን አካባቢ ይይዝ ነበር። ሑሴን አሕመድ ደግሞ በ1985 በርሚንግሃም ላይ ስለ ወሎ እስልምና ጻፉ። ወሎን ተዘዋውረው ሽማግሌ ጠየቁ፤ በየቤቱ የተቀመጠ የዐረብኛ ኪታብ አነበቡ። አማካሪ መምህር አጻጻፉን ያርማል እንጂ ኪታቡን ከሼኹ ሣጥን አያወጣም። (እኔን ከጠየቃችሁኝ ከባዱ ሥራ ይሄ ነው።) ተከፋዩ ጸሐፊማ ከኮምፒውተሩ አይነሳም።

የጌቺ አዛውንት ግን ያረጃሉ፤ ኪታቡንም የኢሉባቦር ዝናብና ምስጥ አይምረውም። እናም ወንድሜ፣ እህቴ፣ ርዕስ ስትመርጡ ከአያቶቻችሁ ቤት ጀምሩ። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ገጹን በስልክ አንሱ፤ የማን እንደሆነ፣ ቀበሌውንና ቀኑን መዝግቡ። ዳር ላይ የተጫረውን ማስታወሻም አትዝለሉት፤ አንዳንዴ የአንድ ዓሊም የሞት ዓመት የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው።