የሸክላው ባለቤትና የዘፈኑ ባለቤት

አሮጌ ሸክላ በእጅ መያዝና በላዩ የተቀረጸውን ዘፈን የራስ ማድረግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የቤተሰቡን ሸክላ ወደ ኮምፒዩተር ገልብጦ በግል ድረ ገጹ ለሕዝብ የሚያሰማ ሙዚቃ ወዳድ፣ ሳያስበው ከዚህ ልዩነት ጋር ይጋፈጣል። ጥያቄው ግን ከኢንተርኔት በፊት የተወለደ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ሥልጣንን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለደራሲዎች የባለቤትነት ዕውቅና ቢሰጥም፣ ለድምፃዊውና ለቀረጻው አሳታሚ የየራሳቸውን መብት አልደነገገላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የማኅበሩን ብቸኛ ሥልጣን ደፍረው በስማቸው የሙዚቃ ማሳተሚያ አቋቋሙ። ሸክላዎቹን መጀመሪያ በሕንድ፣ ኋላም በሊባኖስ እያስቀረጹ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላዎችን አወጡ። በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ተሰደዱ።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ የካሴት ሆነ። ካሴት በቀላሉ ይገለበጣል፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈም ስንቱን ዘፈን ከመረሳት አዳነ። ሆኖም በየገበያው ያለ ፈቃድ ከሚባዛው ካሴት ለግጥምና ለዜማ ደራሲው፣ ለድምፃዊውም ሆነ ለአሳታሚው አንዳች ገቢ አልደረሰም። ሲዲና ፍላሽ ሲተኩት ልማዱ ከነጉዳቱ ተከተላቸው። በአንጻሩ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ኅትመት የአምሃን ሸክላዎች ዳግም ለዓለም ያሰማው ከአምሃ ፈቃድ አግኝቶ ነው። ባለቤቱን ፈልጎ ማግኘት እንደሚቻል ይህ ማስረጃ ነው።

የድምፃዊውና የአሳታሚው መብት በግልጽ የተደነገገው በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በአዋጁ መሠረት በአንድ ቀረጻ ላይ ሦስት ወገኖች መብት አላቸው፦ ደራሲው፣ ድምፃዊውና አሳታሚው። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። የድምፃዊው ከተቀረጸበት፣ የአሳታሚው ደግሞ ቀረጻው ከታተመበት ዓመት ማግሥት 50 ዓመት ይቆጠርለታል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1969 ታትሞ የወጣ ሸክላ በዚህ ስሌት የአሳታሚው ጊዜ በ2019 መጨረሻ ቢያበቃም፣ የዜማው ደራሲ በ2000 አርፎ ከሆነ የወራሾቹ መብት እስከ 2050 ይዘልቃል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2011 የቀረጻን ጥበቃ ከ50 ወደ 70 ዓመት ከፍ ስላደረገ፣ በስደት የሚኖር ወገን የሚኖርበትን አገር ሕግም ማየት ይኖርበታል።

ይኸው አዋጅ አንድ ሰው ለግል መገልገያው አንድ ቅጂ ቢገለብጥ አይከለክልም፤ ለሕዝብ ማሰራጨት ግን ፈቃድ ይሻል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872/2007፣ ባለመብቶች በጋራ ማኅበር ተደራጅተው ክፍያ የሚሰበስቡበትን መንገድ ከፍቷል።

አሮጌ ሸክላዎች እየተጫሩና እየተሰበሩ ሲጠፉ፣ ገልብጦ ማቆየት ለቅርስ የሚደረግ ውለታ ነው። ውለታው ሙሉ የሚሆነው ግን በሸክላው ላይ የተጻፉት የግጥም፣ የዜማና የድምፅ ባለቤቶች ስሞች ከዘፈኑ ጋር አብረው ሲሰፍሩ፣ ወራሾቻቸውም ተፈልገው ሲጠየቁ ነው።