ስምን በድምፅ መፈለግ፦ ከካርድ ሣጥን እስከ ሕሙማን መዝገብ

አንድ ስም በሁለት መዝገቦች ላይ በተለያየ አጻጻፍ ሲገኝ ባለቤቱ አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት? ጥያቄው የካርድ ክፍል ሠራተኞች ብቻ ቢመስልም ከሕክምና ውሳኔ የራቀ አይደለም። የመድኃኒት አለርጂው የተመዘገበበት ካርድ ሳይገኝ ቢቀር፣ ወይም የሌላ ሰው ካርድ በስም መመሳሰል ቢወጣ፣ ጉዳቱ የሚደርሰው በሕመምተኛው ላይ ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ካፈለቁት ቀደምት ሰዎች አንዱ የፒትስበርጉ ሮበርት ራስል ነበር። ራስል እ.ኤ.አ. በ1918 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ ስሞችን በፊደላቸው ሳይሆን በድምፃቸው ለመደርደር የታሰበ ነበር። ከዚህ ሐሳብ የዳበረው ሳውንዴክስ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ይይዛል፤ አናባቢዎችን ይጥላል፤ ተቀራራቢ ድምፅ ያላቸውን ተነባቢዎች በአንድ ቁጥር ይተካል። ውጤቱም አንድ ፊደልና ሦስት አኃዝ ነው።

የአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ በ1935 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ዘዴው ሰፊ አገልግሎት ሰጠ። የልደት ምዝገባ ባልተስፋፋበት ዘመን የተወለዱ አረጋውያን ዕድሜያቸውን ማስረዳት ነበረባቸው። በመሆኑም በ1880 የሕዝብ ቆጠራ ከተመዘገቡት መካከል ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች የነበሯቸው ቤተሰቦች በሳውንዴክስ ተመደቡ።

ወደ ጤናው ዘርፍ ያሸጋገሩት ሰዎች ከዚያ በኋላ ተነሡ። ሃልበርት ደን በ1946 የእያንዳንዱ ሰው መዝገቦች ከልደት እስከ ሞት እንደ አንድ መጽሐፍ ገጾች ሊጠረዙ እንደሚገባ ጻፈ። ካናዳዊው ሃዋርድ ኒውኮምና ባልደረቦቹ በ1959 የጋብቻና የልደት መዝገቦችን በኮምፒዩተርና በሳውንዴክስ አገናኙ። ኢቫን ፈለጊና አላን ሰንተር ደግሞ በ1969 ለሥራው የሒሳብ መሠረት ሲጥሉ፣ ጥንድ መዝገቦችን በሦስት ከፈሏቸው፦ የአንድ ሰው የሆኑ፣ ያልሆኑ፣ እና በሰው ዐይን መመርመር ያለባቸው። ሦስተኛው ክፍል ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት ይሻል።

የፊደል ስሕተትን የሚለካው ሌላው መንገድ በዚያው ዘመን ተገኘ። ፍሬድሪክ ዳመራው በ1964፣ ሩሲያዊው ቭላዲሚር ሌቨንሽታይን በ1965 ባሳተሙት ሥራ አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመለወጥ ስንት ፊደል መጨመር፣ መቀነስ ወይም መተካት እንደሚያስፈልግ የሚቆጠርበት ስሌት መሠረት ተጣለ። ይህ ስሌት ለመድኃኒት ስሞችም ይጠቅማል። ለጨጓራ አሲድ የሚታዘዘው ሎሴክ ሽንት ከሚያሸናው ላሲክስ ጋር በመምታታቱ በ1990 በአሜሪካ ፕሪሎሴክ ተባለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም አዲስ የሚቀርቡ የመድኃኒት ስሞችን ከነባሮቹ ጋር በአጻጻፍና በድምፅ የሚያነጻጽር ፕሮግራም ይጠቀማል።

ይሁን እንጂ ለአንድ ቋንቋ የተቀመረ ሕግ ለሌላው አይበቃም። ሳውንዴክስ የተቀመረው በአሜሪካ ለሚጻፉ ስሞች ነው። የኢትዮጵያውያን ስሞች በላቲን ፊደል ሲመዘገቡ ድክመቱ ወዲያው ይታያል። አናባቢ ስለሚጥል የወንዱን አበበንና የሴቷን አበባን በአንድ ኮድ ያስቀምጣቸዋል። በአንጻሩ የመጀመሪያውን ፊደል ስለማይነካ፣ ቅድስት የምትባል አንዲት ሴት በአንዱ መዝገብ በ«ኬ»፣ በሌላው በ«ኪው» ብትጻፍ ሁለት ሰው ያደርጋታል። በራሳችን ፊደልም ቢሆን ኃይሉንና ሀይሉን፣ ሠናይትንና ሰናይትን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ሕግ ለብቻው መዘጋጀት አለበት። በአባት ስም የመጠራት ልማዳችንም የቤተሰብ ስምን መነሻ ካደረገው አሠራር ጋር አይገጥምም።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ማሽን መመሳሰልን ይጠቁማል፤ አንድነትን ግን አያረጋግጥም። ፈለጊና ሰንተር ለሰው የተዉት ሦስተኛ ክፍል በየተመላላሽ ክፍሉና በየመድኃኒት መስኮቱ በየዕለቱ ይገጥማል። ስምን ከነአባትና ከነአያት፣ ዕድሜን፣ አድራሻንና የካርድ ቁጥርን አመሳክሮ ሕመምተኛውን ራሱን መጠየቅ፣ የመድኃኒቱንም ስም ከሕመሙ ጋር ማገናዘብ፣ ለየትኛውም ስሌት በውክልና የማይሰጥ የጤና ባለሙያው ኃላፊነት ነው።