የተነቀሉት መቀመጫዎች፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የኮቪድ ዘመን ውሳኔዎች ሲመረመሩ

እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም የአየር መንገደኞች ጉዞ ከቀደመው ዓመት በ65.9 በመቶ ማሽቆልቆሉን የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር (አያታ) አስልቷል። በዚያው ዓመት የአየር ጭነት ፍላጎት የቀነሰው በ10.6 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ጭነቱን የሚሸከመው አቅም ግን በ23.3 በመቶ ወርዷል። ምክንያቱ ለዘርፉ ሰዎች እንግዳ አይደለም። በአየር ከሚጓጓዘው የዓለም ጭነት ግማሽ ያህሉ የሚሄደው በጭነት አውሮፕላን ሳይሆን በመንገደኛ አውሮፕላን ወለል ሥር፣ ከሻንጣ ጎን ሆኖ ነው። መንገደኛ ሲጠፋ አውሮፕላኑ ይቆማል፤ አውሮፕላኑ ሲቆም ጭነቱም መሄጃ ያጣል። የጭነት ዋጋ በእነዚያ ወራት የናረውም ዓለም ለጭምብልና ለመመርመሪያ ኪት በምትሻማበት ሰዓት መጫኛው በመጥፋቱ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን ክፍተት አስቀድመው ካዩት አንዱ ነበር። የ25 ያህል የመንገደኛ አውሮፕላኖቹን መቀመጫ ነቅሎ በካርቶን ሞላቸው። ታሪኩ በአገራችን ደጋግሞ ተነግሯል፤ የሚነገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ችግር እንደ መጣ፣ ብልህ መሪ መላ እንደ መታና ድርጅቱ እንደ ዳነ ተደርጎ ነው። የማኔጅመንት መጽሔቶችም የሥራ አስፈጻሚውን ፎቶግራፍ ሽፋናቸው ላይ ማውጣት ስለሚወዱ ይህ አተራረክ ይመቻቸዋል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ከዚህ ይለያል። በ2012 ዓ.ም. ቦሌ ላይ የታየው መላመድ አብዛኛው ከወረርሽኙ በፊት ተሠርቶ የተቀመጠ አቅም ነበር። የመሪዎቹ ድርሻ በእጃቸው ያለውን ጠንቅቆ ማወቅ፣ ሳይዘገዩ ማውጣት፣ እንዲሁም የትኛውን እንደማይነኩ መወሰን ነበር።

መላው ራሱ አዲስ አልነበረም። መቀመጫ ነቅሎ በመንገደኛ ክፍል ጭነት ማጓጓዝን በዚያው ሰሞን የጀርመኑ ሉፍታንዛና የኦስትሪያ አየር መንገድም ሠርተውበታል፤ የባሕረ ሰላጤው ኤምሬትስም እንዲሁ። ሐሳቡ ለሁሉም ክፍት ነበር። አስቸጋሪው አፈጻጸሙ ነው። ለጭነት ተብሎ የተሠራ አውሮፕላን ሰፊ በርና ሮለር የተገጠመለት ወለል ስላለው ፓሌቱ በመጫኛ መኪና ተነሥቶ እየተንሸራተተ ይገባል። በመንገደኛ አውሮፕላን ግን እያንዳንዱ ካርቶን በጠባቡ በር በሰው እጅ ይገባል፤ በመረብ ይታሰራል፤ መድረሻው ላይ እንደ ገና በሰው እጅ ይወርዳል። ወለሉ የሚችለው ክብደት የተወሰነ ነው። በላይኛው ክፍል ራሱን የቻለ የእሳት ማጥፊያ ሥርዓት ስለሌለ እንደ ሊቲየም ባትሪ ያለ አደገኛ ዕቃ አይጫንበትም፤ ጭነቱን በበረራ ላይ የሚጠብቅ ሰውም ያስፈልጋል። ለዚህ ሁሉ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪው ፈቃድ ይጠየቃል። ጭምብል ቀላል ነው፤ ቦታ ግን ይፈጃል። ስለዚህ እንዲህ ያለው በረራ የሚያዋጣው ዋጋው በጣም እስከ ናረ ድረስ ብቻ ነው። ወደ ገበያው የገባ ሁሉ መስኮቱ እንደሚዘጋ ያውቃል፤ በሁለት ሳምንት መሥራት የሚችለውና ሦስት ወር የሚፈጅበት የሚለዩትም እዚህ ላይ ነው።

አየር መንገዱ መቀመጫ ለመንቀል የውጭ ድርጅት መለመን አላስፈለገውም። ቦሌ ያለው የጥገና ማዕከል ለዐሥርት ዓመታት የተገነባ፣ የሌሎች የአፍሪካ አየር መንገዶችን አውሮፕላኖች ጭምር የሚጠግን ነው። የመጀመሪያው ቦይንግ 777 የጭነት አውሮፕላን የገባው በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሆን፣ ወረርሽኙ ሲነሣ ድርጅቱ ዐሥር 777 እና ሁለት 737 የጭነት አውሮፕላኖች ነበሩት። ሁለተኛው የጭነት ተርሚናል በ2009 ዓ.ም. መገባደጃ ሲመረቅ የቦሌ የጭነት አቅም በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን ደርሷል ተብሎ ነበር። በጊዜው ለአበባ፣ ለሥጋና ለጥቂት ማሽን ይህ ሁሉ አዳራሽ ምን ይሠራል ብሎ መጠየቅ ነውር አልነበረም።

ሪቻርድ ሳየርትና ጄምስ ማርች እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት የድርጅት ባሕርይ ጥናታቸው፣ ድርጅቶች ለዕለት ሥራቸው ከሚያስፈልጋቸው በላይ የሆነ ትርፍ አቅም እንደሚይዙ፣ ይህም አካባቢው ሲናወጥ ድንጋጤውን እንደሚውጥ ጽፈዋል። ዴቪድ ቲስና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ትኩረቱን ድርጅቱ ያለውን ሀብት መልሶ የማዋቀር ችሎታ ላይ አደረጉ። የቦሌው ጉዳይ ሁለቱን ሐሳቦች ያገናኛል። ትርፍ አቅም ብቻውን መጋዘን ነው፤ መልሶ የማዋቀር ችሎታም የሚዋቀር ነገር ከሌለው ባዶ ነው።

ማን እንደ መራም መታየት አለበት። በወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት አቶ ተወልደ ገብረማርያም አየር መንገዱን የተቀላቀሉት በጭነት ክፍል ሠራተኛነት ነው። የኦፕሬሽን ኃላፊው አቶ መስፍን ጣሰው፣ በኋላ በ2014 ዓ.ም. እሳቸውን የተኩት፣ በጥገናና ኢንጂነሪንግ ያደጉ መሐንዲስ ናቸው። አንዱ የጭነትን ገበያ፣ ሌላው ሃንጋሩን ከውስጥ ያውቁታል። ከውጭ በከፍተኛ ደመወዝ የመጣ፣ ሂሳብ አዋቂ ግን ለሥራው እንግዳ የሆነ አለቃ ቢሆን ኖሮ መቀመጫውን ለመንቀል መወሰኑ አይቀርም ነበር፤ ውሳኔው ላይ የሚደርሰው ግን አማካሪ ቀጥሮ፣ ጥናት አስጠንቶ ነበር። ይህ ግምት ነው፤ ቢሆንም በአገራችን የአመራር ምርጫ ክርክር ውስጥ ቦታ ሊሰጠው የሚገባ ግምት ይመስለኛል።

ከመቀመጫው ይልቅ ከባዱ ውሳኔ የቻይና በረራ ነበር። የኬንያ አየር መንገድ በጥር 2012 ዓ.ም. ወደ ጓንግዡ የሚያደርገውን በረራ ሲያቋርጥ ኢትዮጵያ ቀጠለች። ትችቱ ከአገር ውስጥም ከጎረቤትም ብርቱ ነበር። አቶ ተወልደ መንገደኛው በሌላ መናኸሪያ በኩል መምጣቱ ስለማይቀር በረራ ማቆም ቫይረሱን እንደማያስቆም፣ ቻይናን በችግሯ ጊዜ ማግለልም ተገቢ እንዳልሆነ ይከራከሩ ነበር። በጤና ረገድ ውሳኔው ትክክል ነበር ለማለት የሚያስችል ማስረጃ ከዚህ መጣጥፍ አቅም በላይ ነው፤ ተቺዎቹም ስለ ሰው ሕይወት እንጂ ስለ ገበያ አልነበረም የሚናገሩት። የንግድ ውጤቱ ግን በሁለት ወር ውስጥ ታየ። መጋቢት 4 ቀን በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ፤ መጋቢት 11 ቀን አየር መንገዱ ወደ 30 አገሮች የሚያደርገውን በረራ አቋረጠ። መጋቢት 13 ቀን ደግሞ የቻይናዊው ባለሀብት የጃክ ማ ፋውንዴሽን ለአፍሪካ የለገሰው የመጀመሪያ ዙር ቁሳቁስ፣ 5.4 ሚሊዮን ጭምብልና ከአንድ ሚሊዮን በላይ መመርመሪያ የያዘው፣ ቦሌ አረፈና ወደ አህጉሩ መከፋፈል ጀመረ። ሚያዝያ ሲገባ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ዕርዳታ ማከፋፈያ ማዕከሉን እዚያው ከፈተ። ያልተቋረጠው የቻይና መስመር ባይኖር ይህ ሁሉ በቦሌ በኩል ለማለፉ እርግጠኛ መሆን ይከብዳል።

ገንዘቡን በተመለከተ ድርጅቱ በወረርሽኙ የመጀመሪያዎቹ አራት ወራት 550 ሚሊዮን ዶላር ገቢ እንዳጣ አቶ ተወልደ ተናግረዋል። ከአውሮፕላን አከራዮች ጋር የክፍያ ጊዜ ለማራዘም ተደራድረዋል። ያም ሆኖ አመራሩ ከመንግሥት የነፍስ ማዳኛ ገንዘብ አልጠየቅንም፣ ቋሚ ሠራተኛም አልቀነስንም ብሏል። በዚያው ጊዜ ሉፍታንዛ ከጀርመን መንግሥት ጋር የ9 ቢሊዮን ዩሮ ድጎማ ተስማማ፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ለመንገደኛ አየር መንገዶች ደመወዝ ብቻ 25 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ሠራተኛን አለመቀነስ ደግነት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። የሠለጠነ ቴክኒሻን አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይገኝም፤ መቀመጫ የነቀለውም፣ ገበያው ሲመለስ መልሶ የሚገጥመውም እሱ ነው።

ንጽጽሩን ከአውሮፓ ይልቅ ከናይሮቢ ጋር ማድረግ የበለጠ ያስተምራል። የኬንያ አየር መንገድ ቀደም ባሉት ዓመታት በደረሰበት ኪሳራ ምክንያት በአማካሪዎች ምክር ራሱን አቅጥኖ ነበር፤ ትላልቆቹን ቦይንግ 777-300 አውሮፕላኖች ለቱርክ አየር መንገድ አከራይቷል። ለዕለቱ ሂሳብ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። እ.ኤ.አ. 2020 ሲመጣ ግን የጭነት አቅሙ አነስተኛ ነበር፤ በዚያ ዓመት 36.2 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ከሰረ። እሱም መቀመጫ ነቅሎ ድሪምላይነር ለጭነት አሰማርቷል፤ ይህን ያደረገው ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፣ የጭምብሉ ዋጋ ከፍታ ካለፈ በኋላ። የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ ደግሞ ወረርሽኙ ከመምጣቱ በፊት፣ በኅዳር 2012 ዓ.ም.፣ በሕግ ከኪሳራ ጥበቃ ሥር ገብቶ ነበር።

የቦሌው ትርፍ አቅም እንዴት ተከማቸ? ኢትዮጵያ ውስጥ ብቸኛው ዓለም አቀፍ አየር መንገድ መሆን፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገኝ ገቢ፣ ባለቤቱ መንግሥት ዓመታዊ ትርፍ ካልተከፋፈለ ብሎ አለማስጨነቁ፣ ኤርፖርቱም ሆቴሉም በአንድ ጥላ ሥር መሆናቸው ሁሉ ድርሻ አላቸው። መጋቢት 14 ቀን የገቢ መንገደኞች የ14 ቀን ለይቶ ማቆያ ሲጀመር ከተመረጡት ሆቴሎች አንዱ የራሱ የአየር መንገዱ ስካይላይት ነበር፤ መንገደኛው ከአውሮፕላኑ ወርዶም ሒሳብ የሚከፍለው ለዚያው ድርጅት ነው። ይህን ሁሉ የአመራር ብልሃት ብቻ አድርጎ ማቅረብ ለአንባቢ አይጠቅምም። ከላሊበላ የመጣ አስጎብኚ ወይም የቦሌ መካከለኛ ሆቴል ባለቤት የአቶ ተወልደን ንግግር ሰምቶ ምን ይንቀል?

ትርፍ አቅም በደህናው ጊዜ ብክነት ይመስላል፤ ኦዲተርም ሆነ ቦርድ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ለአበባ ተብለው የተሠሩት የቦሌ ማቀዝቀዣ ክፍሎች ጽጌረዳ በማይላክባቸው ወራት ባዶ ሲሆኑ የሚያሳዩት ወጪን ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ግን አየር መንገዱ ከቻይናው የሎጂስቲክስ ኩባንያ ካይኒያኦ ጋር ከሼንዘን በአዲስ አበባ በኩል ክትባት የሚያመላልስ የቀዝቃዛ ጭነት መስመር አስታወቀ። በየካቲት መጨረሻም በዓለም አቀፉ የክትባት ማጋሪያ ኮቫክስ በኩል 2.2 ሚሊዮን ገደማ ክትባት ቦሌ ደረሰ። ከክትባቱ ዓመታት ቀድሞ፣ ሌላ ዕቃ ታስቦ፣ ያ ማቀዝቀዣ እንዲሠራ ገንዘብ ያጸደቀው የቦርድ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በየትኛውም የአመራር ጉባኤ ላይ ሲጠቀስ አይሰማም።